ከአሸዋው ወደ ገደሉ፦ ከቆቦ ተነሥቶ ፏፏቴ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ምን ያያል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የእግር መንገድ ነው። መንገዱ ከዚሁ ከቆቦ ይነሣል። የወንዙን አሸዋ ተከትሎ ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጊዳንና ወደ ላስታ ተራሮች ያዞራል። አሸዋው ጠጠር፣ ጠጠሩ ኮረት፣ ኮረቱ ሰው የሚያህል ቋጥኝ እስኪሆን ይቀጥላል፤ በመጨረሻም ክረምት ላይ ውሃው ከገደል አፍ ከሚወረወርበት ሥር ያደርሳል። ከደጋ ለገበያ የሚወርዱ ሰዎችና በየተረተሩ የሚውሉ እረኞች መንገዱን ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። የእኔ ድርሻ እግራቸው የሚረግጠው ድንጋይ ከየት እንደ መጣ፣ ውሃውም ምን እየሠራበት እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ፏፏቴውና ሜዳው የአንድ ሥራ ሁለት ጫፎች ናቸው። ማሽላውና ጤፉ የሚበቅልበት አፈር ከላይ ከገደሉ ተፈልፍሎ የመጣ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የምንስበው ውሃም አብዛኛው ከዚያው ተራራ ወርዶ፣ በጠጠሩ ሰርጎ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ የቆቦን ሜዳ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሜዳው ላይ ቆሞ አይጨርሰውም፤ ከታች ወደ ላይ፣ ውሃው የወረደበትን መንገድ ይዞ መውጣት አለበት።

እንግዲህ የሆርማትን ወንዝ ይዘን እንነሣ። በበጋ ሆርማትን ወንዝ ለማለት ያስቸግራል፤ ከብቱም ሰውም በእግሩ የሚያቋርጠው ሰፊ አሸዋ ነው። ከዚያ አሸዋ ላይ አንድ ድንጋይ አንሡ። ጥቁር ነው፤ ለመጠኑም ይከብዳል። ሰብራችሁ ብታዩት ውስጡ ደቃቅና ጥብቅ ነው። ይህ ባዛልት ይባላል፤ ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ፣ መሬት ላይ ፈስሶ የቀዘቀዘ አለት ነው። ሁለተኛ አንሡ፤ ምናልባት አተር አተር በሚያህሉ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ይሆናል። ቀዳዳዎቹ ቅልጡ አለት ሲቀዘቅዝ ጋዝ ታፍኖ የቀረባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ከብዙ ዘመን በኋላ በድንጋዩ ውስጥ ሲመላለስ የኖረው ውሃ ባመጣው ነጭ ማዕድን ተሞልተዋል፤ ፀሐይ ሲያርፍባቸው የሚያብለጨልጩት እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ቀይ የሚያደላ ድንጋይ ካገኛችሁ ደግሞ ከባዛልቱ ዘግይቶ ከወጣ ሌላ የእሳተ ገሞራ አለት የተቆረሰ ነው።

ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱም የሜዳው ተወላጅ አይደለም። ሁሉንም ያመጣቸው ጎርፍ ነው። ጎርፍ ሸክሙን የሚያራግፈው በተራ ነው። ከገደሉ አምልጦ ቁልቁለቱ ለዘብ ሲልለት መጀመሪያ ቋጥኙን ይጥላል፤ ቀጥሎ ኮረቱን፣ ቀጥሎ አሸዋውን። ደቃቁን አፈር ግን በምሥራቅ እስካለው የዞብል ተራራ ግርጌ ድረስ ተሸክሞት ይሄዳል። ከምዕራቡ ተራራ ሥር ያለው እርሻ ጠጠር የበዛበት፣ ራቅ ያለው ደግሞ ጥልቅ መረሬ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ገበሬው ልዩነቱን በማረሻው ያውቀዋል፤ ሞፈሩን ወደ ተራራው ባስጠጋ ቁጥር የማረሻው ጫፍ ድንጋይ ይመታል።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ውሃ ቁልቁል ይሄዳል፤ ከቆቦ በስተ ምሥራቅ ደግሞ አፋር አለ፣ ከእኛ በብዙ ዝቅ ያለ ምድር። ታዲያ ጎርፉ ያን ሁሉ አፈር ይዞ በቀጥታ አፋር ሳይገባ እዚህ ያራገፈው ለምንድን ነው? መልሱ ፊት ለፊታችን ቆሟል፤ ዞብል ነው።

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በስተ ምዕራብ ያለው ምድር ወደ ላስታ ሲዘልቅ አቡነ ዮሴፍ ላይ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ተዘርግቷል፤ ከእርሱ ማዶ መሬቱ እየወረደ ሄዶ፣ ሩቅ በሰሜን ምሥራቅ ዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ የመጣው የምድር ቅርፊት ስለ ተሰነጠቀ ነው። ዓረቢያ ከአፍሪካ ስትለይ፣ ምሥራቅ አፍሪካም ከቀሪው አህጉር በዝግታ ስትርቅ፣ ስንጥቆቹ የሚገናኙት አፋር ላይ ነው። የደጋው ዳር በአንድ ጊዜ አልተደረመሰም፤ በየእርከኑ እየተሰበረ ወረደ። ከተሰበረው መካከል አንዳንዱ ቁራጭ እስከ አፋር ሳይወርድ መንገድ ላይ ቀረ፤ ሁለት ጎኑ ከፍ ብሎ መሐሉ ሰረጎደ። የቆቦ ሜዳ እንዲህ ያለ ስርጉድ ነው። ብቻውንም አይደለም፤ ከኮምቦልቻ በታች የቦርከና ሸለቆ፣ ሐይቅ፣ ቆቦ፣ አላማጣና መሆኒ፣ ከዚያም ከፍ ብሎ አሸንጌ፣ ሁሉም በአንድ ሰልፍ በደጋው ዳር የተሰለፉ ወንድማማቾች ናቸው።

ከወንድማማቾቹ አሸንጌን አስቡት። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ተራራ ከብቦታል፤ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ሐይቅ ሆኖ ቀረ። ቆቦ ግን መውጫ አለው። ጎሊና ከደጋው ተነሥቶ ሜዳውን አቋርጦ በተራራው መካከል ሰብሮ ወደ አፋር ይወጣል። የዋጃና የጎለሻ ወገን ውሃ ደግሞ ወደ ሰሜን ዞሮ ከአላማጣ ሜዳ ጎርፍ ጋር በሰለን ውሃ ጠባብ በር በኩል ያልፋል። በሮቹ ጠባቦች ናቸው፤ ውሃው ወደ እነሱ ሲደርስ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ሸክሙን ያራግፋል። እኛ የምናርሰው ያን የተራገፈውን ነው።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። አሸዋውን ጨርሰን ከተራራው ሥር ደርሰናል። ቀና ብለን ስናይ ገደሉ አንድ ወጥ ግድግዳ አይደለም። ጥቁር ገደል፣ ከላዩ ሰው የሰፈረበትና የሚታረስ ዘርጋ ያለ መሬት፣ እንደገና ጥቁር ገደል፣ እንደገና እርሻ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ አደራደር የኢትዮጵያ ደጋ የተሠራበትን ታሪክ ከሌላው ሁሉ አብልጦ ያሳያልና።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ይህ አገር ተራራ አልነበረም። ምድሪቱ በረጃጅም ስንጥቆች ተከፈተችና ቅልጥ አለት ፈሰሰ። እሳተ ገሞራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሾጣጣ ተራራ ጫፉ ላይ ሲፈነዳ ነው። የእኛው እንዲያ አልነበረም፤ በረጅሙ ከተሰነጠቀ መሬት ወጥቶ ሸለቆውን እየሞላ፣ ሜዳውን እያለበሰ በሰፊው የተንጣለለ ነበር። አንዱ ፍሳሽ ቀዝቅዞ ሲጠነክር ሌላው በላዩ መጣ። አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደ ሆነ በድንጋዮቹ ዕድሜ ላይ የተደረገው ምርምር አሳይቷል፤ ለምድር ዕድሜ ይህ አጭር ጊዜ ነው። ንብርብሩ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2,000 ሜትር ይወፍራል። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ፣ ከላስታ እስከ ሰሜን ተራሮች ድረስ፣ በአብዛኛው ከዚህ ንብርብር የተጠረበ ነው።

የእኛ አካባቢ በዚህ ጥናት ውስጥ የቆየ ስም አለው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ተጉዟል። ጦሩ ያለፈው በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ነበር። ጉዞው በዓፄ ቴዎድሮስ ሞት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲያበቃ ጦሩ ተመለሰ፤ ብላንፎርድም በመንገዱ ያየውን አለት በ1870 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ። የታችኛውን ንብርብር አሸንጌ፣ የላይኛውን መቅደላ ብሎ ሰየመ። እስከ ዛሬ ድረስ የዓለም ሥነ ምድር ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ አለት ሲጽፉ የአሸንጌ ባዛልት ይላሉ። የራያ ልጅ ሁሉ ይህን በትምህርት ቤት ቢማረው ደስ ይለኛል። የሰፈሩ ሐይቅ ስም በሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከ150 ዓመት በላይ ተቀምጦ ሳለ እርሱ ሳያውቀው ማደጉ ያሳዝነኛል።

አሁን ዳገቱን እንያዝ። በሁለት ጥቁር ገደሎች መካከል ቀይ መስመር ታያላችሁ፤ አንዳንዱ ክንድ የማይሞላ፣ አንዳንዱ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ያ ቀይ መስመር እሳቱ ያረፈበት ዘመን ነው። አንድ ፍሳሽ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ረጅም ጊዜ አልፏል፤ በመካከሉ ዝናብ ዘንቧል፣ ድንጋዩ ላልቶ አፈር ሆኗል፣ ተክል በቅሎበታል። ቀጥሎ የመጣው ቅልጥ አለት ያን አፈር ከላይ ጠበሰው፤ ቀላ። በሌላ ቦታ ቀዩ ነገር አፈር ሳይሆን እሳተ ገሞራው የተፋው አመድና በጋዝ የተበሳሳ ፍርክስ ድንጋይ ነው። የሆነው ሆኖ ከጥቁሩ ይልቅ ለስላሳ ነው። ከላይ በስንጥቅ የወረደ ውሃ እዚህ ቀይ ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች መስረጉ ያቆማል፤ ወደ ጎን ይሄድና ገደሉ ፊት ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስትወጡ ልብ በሉ፤ በገደል ግርጌ ልምላሜ ያያችሁበት፣ እንስራ የተደረደረበት ቦታ ከቀይ መስመር ብዙ አይርቅም።

ይህን ቀይና ለስላሳ አለት ከእኛ በፊት በሚገባ ያነበቡት የላሊበላ ጠራቢዎች ናቸው። ከዚህ ተራራ ማዶ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከዚሁ ወገን ከሆነ፣ በጋዝ ከተበሳሳ ቀላ ያለ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ጥብቁን ጥቁር ባዛልት በመሮ ሊፈለፍሉት ቢነሡ ሥራው በብዙ እጥፍ ይከብዳቸው ነበር። የቱ ድንጋይ እንደሚታዘዝ፣ የቱ እንደሚያምፅ ያውቁ ነበር። ውሃም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ለስላሳውን መርጦ ይፈለፍላል። ፏፏቴ የሚወለደውም ከዚህ ምርጫ ነው።

እንዴት እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ጅረቱ ጥቁሩን ጠንካራ ንብርብር ተንሸራቶ ይመጣና ከዳሩ ይወርዳል። ሲወርድ ግርጌው ላይ ያለውን ቀይ ለስላሳ ንብርብር ይመታል፤ በሚያመጣው ጠጠር ይገዘግዘዋል፤ በርጭቱ ያረጥበዋል፤ ያልሰዋል። ቀዩ ወደ ውስጥ ሲሸሽ ጥቁሩ ያለ ድጋፍ ወደ ፊት አግጥጦ ይቀራል። ከፏፏቴው ጀርባ ሰው የሚያስጠልል ዋሻ ካያችሁ ይህ ሥራ እየተሠራ ነው ማለት ነው። ጥቁሩ ደግሞ ወጥ ቢመስልም ወጥ አይደለም። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ በበጋ የዋልካ እርሻ ደርቆ ብዙ ማዕዘን እየሠራ እንደሚሰነጠቀው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የባዛልቱ ስንጥቅ ቁልቁል ወርዶ ድንጋዩን ወደ ረጃጅም ምሰሶነት መለወጡ ነው። ብዙዎቹ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ናቸው። ሥሩ የተበላበት ምሰሶ አንድ ቀን ይወድቃል። ፏፏቴው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻል። የወደቀው ምሰሶ በጎርፍ እየተንከባለለ ኮረት፣ ኮረቱ ጠጠር፣ ጠጠሩ አሸዋ ይሆናል። ሆርማት ላይ ያነሣነው ድንጋይ የዚህ ምሰሶ ልጅ ነው።

በዚህ የተነሣ ከፏፏቴው ሥር ያለው ጠባብ ሸለቆ ፏፏቴው በየዘመኑ የቆመባቸው ቦታዎች ሁሉ ተያይዘው የሠሩት ነው። ሸለቆውን ይዞ የሚወጣ ሰው የፏፏቴውን ዕድሜ እየተራመደበት ነው።

ይህ ሕግ የቆቦ ብቻ አይደለም። በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለው የቪክቶሪያ ፏፏቴ፣ 1,700 ሜትር ገደማ የሚሰፋውና 108 ሜትር የሚወርደው፣ 180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው ባዛልት ላይ ነው ያለው። ወንዙ በስንጥቆቹ እየገባ ወደ ኋላ ሲሸሽ ከበታቹ እየታጠፉ የሚሄዱ ጥልቅ ሸለቆዎችን ትቷል፤ እያንዳንዱ ሸለቆ ፏፏቴው ቀድሞ የቆመበት መስመር ነው። በአርጀንቲናና በብራዚል መካከል ያለው ኢጉዋሱም የሚወርደው ከጥንታዊ የባዛልት ንብርብር ነው። አይስላንድ ውስጥ ስቫርቲፎስ የሚባለው አነስተኛ ፏፏቴ የሚወርደው ከተሰለፉ የባዛልት ምሰሶዎች መካከል ሲሆን የምሰሶዎቹ ቅርጽ ዋና ከተማቸው ሬይኪያቪክ ውስጥ ላለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መነሻ ሆኗል። እነዚያ አገሮች ድንጋያቸውን ለልጆቻቸው አስተምረዋል፤ እንግዳም ይጎበኘዋል። የእኛ ድንጋይ ከእነሱ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

በአገራችን ስመ ጥሩው ጢስ ዓባይ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ቁመቱ 45 ሜትር ገደማ ነው፤ በክረምት ሞልቶ ሲወርድ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። እርሱም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ ነገር ግን የሚወርድበት አለት ከእኛ ገደል ጋር ሲነጻጸር ገና ትናንት የፈሰሰ ነው፤ ከጣና በስተ ደቡብ ከወጣ ወጣት ላቫ ነው። ትልቁ ልዩነት ግን ከጀርባው ያለው ነገር ነው። ጢስ ዓባይ ከጀርባው ጣና አለው፤ ክረምት የሰጠውን ውሃ ሐይቁ ይዞ በጋውን ሁሉ ሊያወጣለት ይችላል። በ1964 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲሠራ ውሃው ከፏፏቴው እየተጠለፈ ወደ ማሽኑ ሄደ፤ በበጋ ፏፏቴው ሊጠፋ የደረሰበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ከተመረቀ በኋላ ደግሞ የሐይቁ ውሃ ሌላ መውጫ አገኘ። መብራት እንደሚያስፈልገን እኔም አምናለሁ። ሆኖም ፏፏቴ ማለት የውሃ አጠቃቀማችን በግልጽ የሚታይበት ቦታ መሆኑን ከጢስ ዓባይ መማር እንችላለን፤ ከላይ የወሰድነው ሁሉ እዚያ ይጎድላል።

ከቆቦ በላይ ያሉት ፏፏቴዎች ጣና የላቸውም። ከጀርባቸው ያለው ተራራው ራሱ ነው። ተራራው ሣርና ቁጥቋጦ ለብሶ አፈሩ ካልተገፈፈ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ ፏፏቴው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲንጠባጠብ ይቆያል። ተራራው ከተራቆተ የዘነበው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይወርዳል፤ በማግስቱ ገደሉ ደረቅ ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የፏፏቴ ውበት የሚለካው በቁመቱ ሳይሆን በሚቆይበት ጊዜ ይመስለኛል። በነሐሴ ሁሉም ገደል ፏፏቴ አለው። በኅዳር የሚወርድ ፏፏቴ ግን ከበላዩ የተጠበቀ ምድር እንዳለ ይናገራል።

ይህ ከምኞት የመጣ ቃል አይደለም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በራያ ሸለቆ ዳር ያሉትን ተፋሰሶች ሲያጠኑ ቆይተዋል፤ ከአውሮፕላን የተነሡ የድሮ ፎቶዎችን ከዛሬው ጋር አስተያይተዋል። ተራራው ከንክኪ ተከልሎ ዕፅዋት በተመለሰበት ጎን ጎርፉ ቀንሷል፤ ሜዳው ላይ እየተከፋፈለ እርሻ ሲበላ የነበረውም የወንዝ አሸዋ ጠቧል። ወንዝ ሲጠብ መሬት ለገበሬው ይመለሳል። ከላይ የተተከለ ቁጥቋጦ ከታች የማሽላ ማሳ ያድናል ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል የግማሽ ቀን መንገድ ቢኖርም።

አሁን ፊታችንን አዙረን ከውሃው ጋር እንውረድ። ከፏፏቴው ያመለጠው ጎርፍ ሜዳው ጫፍ ሲደርስ የሚጠብቀው ሰው አለ። የራያና የቆቦ ገበሬ ጎርፍን የሚጠልፍበት ጥበብ ከአባት የወረሰው ነው። በወንዙ አሸዋ ላይ ወደ መሐል ገባ ያለ፣ ዘመም ብሎ የተሠራ የአፈርና የድንጋይ፣ የቅርንጫፍም ክትር ያበጃል፤ ጎርፉ ሲመጣ ከፊሉ በክትሩ እየተመራ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ማሳው ይገባል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ እዚህ ጠብ ሳይል ማሳው ይጠጣል። ጎርፉ ከውሃው ጋር አዲስ አፈር ያለብሳል። ችግሩ ጎርፍ ቀጠሮ አለመስጠቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው አመሻሽ ወይም ሌሊት ነው፤ ሰው መብራት ይዞ፣ አካፋ ይዞ በጨለማ ይወጣል። ከበረታም ክትሩን ይዞት ይሄዳል፤ መንደሩ ተሰብስቦ እንደገና ይሠራዋል። ማን አስቀድሞ ያጠጣ፣ ማን ይከተል የሚለውም በሽማግሌ ዳኝነትና በልማድ ይተዳደራል። እኔ ይህን ጥበብ ከማንኛውም የምህንድስና ሥራ አሳንሼ አላየውም። የገደሉን ጉልበት አብርዶ ለእህል የሚያበቃ ሥራ ነውና።

ያልተጠለፈው ጎርፍ ሁሉም አይጠፋም። ከተራራው ሥር ያለው ጠጠርና ኮረት ይጠጣዋል። ሜዳው ውስጥ ደለሉ ከመቶ ሜትር በላይ የሚወፍርበት ቦታ አለ፤ ያ ሁሉ ጠጠርና አሸዋ ውሃ ተሸክሟል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ያስቆፈረውና የመስኖ እርሻ የተስፋፋው ከዚህ የተነሣ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በደረቅ ወራት ከቆቦ ወደ ገበያ ሲጫን፣ ከጭነቱ ውስጥ የገደሉ ውሃ አለበት። እዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልሸፍን ልናገር። ስለ ጉድጓድ ስንወያይ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ናፍጣ፣ ስለ መብራት እናወራለን፤ ጉድጓዱን ማን እንደሚሞላው ግን የምናነሣው ጥቂት ጊዜ ነው። የሚሞላው ከላይ ነው፤ በጊዳን ተዳፋት ላይ። የደጋው ሰው ተራራውን ከልሎ ከብቱን ሲያስር ለቆላው ወንድሙ ጉድጓድ እየሞላለት ነው። ይህ ሥራ ዋጋ ያለው ነው፤ ዋጋውን የቆላው ሰው ሊካፈለው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የቀረው ውሃ በጎሊና በር ወጥቶ አፋር ይገባል። ባሕር አይደርስም፤ ምድረ በዳው ውስጥ ሰርጎና ተንኖ ያልቃል። እዚያም የእኛን ገደል የሠራው ኃይል ሥራውን አልጨረሰም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምድር 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ተሰንጥቃ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀች፤ ከሥር ስንጥቁን የሞላው ቅልጥ አለት ነበር። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን በኩል እስከ ሕንድ ድረስ በነፋስ ተጉዟል። በቆቦ ሜዳ ቆሞ ምዕራቡን የሚያይ ሰው የ30 ሚሊዮን ዓመት እሳት ያያል፤ ከዞብል ማዶ ያለው ግን ዛሬም ትኩስ ነው።

ለመሄድ ለምትነሡ ጥቂት ነገር ልበል። ፏፏቴው አብዝቶ የሚሞላው በነሐሴ ነው፤ ልጃገረዶች የሶለልን በዓል በሚያከብሩበት ሰሞን። በዚያ ወቅት ከሩቅ ማየት በቂ ነው፤ ወደ ሸለቆው ውስጥ አትግቡ። ቆቦ ላይ ፀሐይ እየወጣ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ደረቅ አሸዋ ላይ ለቆመ ሰው ጎርፍ ሳይታሰብ ይደርሳል። ተራራው ከጠቆረ፣ ወይም ውሃው በድንገት ከደፈረሰና ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ዕቃችሁን ሳትሰበስቡ ወደ ዳር ውጡ። ለመንገዱ የሚስማማው ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ፣ በተለይ ጥቅምት ነው፤ ዳገቱ ይደርቃል፣ ውሃው ይጠራል፣ ገደሉም ገና አይደርቅም። ቆላው ሞቃት ስለሆነ ማለዳ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ይሻላል፤ ወሩ የወባ ወር ነውና የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ። የመንደሩን ሰው ሳትጠይቁና አንድ መንገድ የሚያውቅ ሰው ሳትይዙ አትውጡ፤ ለድካሙም ክፈሉት። ፏፏቴው ጠበል ከሆነ ልማዱን ጠይቃችሁ አክብሩ። ከውሃው አፍ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ማንም አይቁም፤ አልጌ የያዘ ባዛልት ጫማ አይዝም፤ ዳሩ ላይ ያለው ምሰሶም ሥሩ ተበልቶ እንደ ሆነ ከላይ አይታወቅም።

መምህራን እዚህ ስላላችሁ አንድ ሥራ ላቅርብላችሁ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ካሉት ፏፏቴዎች አንዱን ይያዝ። ቁመቱን ተማሪዎች ከታች ሆነው በገመድና በጥላ ስሌት ይለኩት፤ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጥሩ ትምህርት ነው። ከዚያ በላይ ግን አንድ ቀን ይመዝግቡ፦ ፏፏቴው መውረድ ያቆመበትን ቀን። ከበላዩ ያለው ተራራ ተከልሎ እንደ ሆነ፣ ታርሶ እንደ ሆነ፣ ዝናቡም ያ ዓመት እንዴት እንደ ነበር ከጎኑ ይጻፍ። የአንድ ዓመት መዝገብ ብዙ አይናገርም። የአሥር ዓመት መዝገብ ግን የትኛው ተዳፋት ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚያፈስ በራሱ ያሳያል፤ ጉድጓድ የሚቆፍረውም፣ ተራራ የሚከልለውም አካል የሚጠቀምበት መረጃ ይሆናል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ ገመድና ከጥቅምት እስከ ጥር በሳምንት አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚያይ ሰው ነው።